ቡላ በማኪና ተጭኖ ደባርቅ የሄደ ጊዜ

ከደባርቅ ከተመለስኩ ወዲህ የቀሐ ጎረቤቶቻችን «እስቲ አገሩን አጫውቺን» ይሉኛል። እኔ ሰው ፊት ልናገር ስል ምላሴ ይተሳሰራል። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁና መጻፍ ግን አያቅተኝም። ስለዚህ ጻፍኩት። የጻፍኩት በውሻችን በቡላ አፍ ነው። መንገዱን ሁሉ እኔ ከብርዱም ከእፍረቱም ነጠላዬን ተከናንቤ ጉልበቴን እያየሁ ነው የሄድኩት። እሱ ግን አንገቱን አውጥቶ ሁሉን አይቷል፣ ሁሉን አሽትቷል፤ በደረሰበት ሁሉ ሲደነግጥም አይቼዋለሁ። ከዚህ በታች «እኔ» የሚለው ቡላ ነው። «ልጅቱ» የሚላት እኔን፣ ጥሩወርቅን ነው።

ሰኞ

እኔ ቡላ ነኝ። ጠጉሬ የደረቀ የጤፍ ገለባ ይመስላል፤ ስሙንም ያወጡልኝ ለዚያ ነው። አገሬ ጎንደር፣ ቀሐ ነው። አገሬ ከወንዙ ይጀምርና ሥጋ ቤቱ በር ላይ ያልቃል። ከሥጋ ቤቱ ወዲያ ሌላ አገር አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጎህ ሲቀድ የአጥሩን በር ይዤ ተኝቼ ሳለ እናትየዋ ክብ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። ለልጅቱ ሰጠቻትና እንዲህ አለቻት፦

«ይኸ የቡላ ነው፤ አደራ እንዳትቆርሱት። ቢያድግልኝ ከዚህ ቆርሶ በብብቱ ይዞት ይዋልና ላቡ ሲገባበት በእጁ ያብላው። ከበላለት የዚያ ቤት ውሻ ነው። አልበላም ካለ መልሳችሁ አምጡት። ያልበላ ውሻ ቢያስሩትም አይቀርም፤ ገመዱን በጥሶ መንገድ ላይ የጅብ ራት ነው የሚሆን።»

ጆሮዬ ቆመ። ቢያድግልኝ የትልቋ ልጃቸው የይታይሽ ባል ነው። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው፣ ከደባርቅ ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ይኖራሉ። ውሻቸውን ነብር በላባቸው፤ አሁን ደግሞ በጎቹን ጀምሯል ብለው መላካቸውን ሰምቼ አዝኜላቸው ነበር። መልሱ እኔ እንደምሆን ግን አልጠረጠርኩም። አባትየው አያ ታከለ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሳይለካ አይቆርጥም፣ የለካውንም ሳይቆርጥ አይቀርም። «ቡላን ለልጄ ሰጥቻታለሁ» ብሏል፤ አለቀ።

ዓይኔ ሳይገለጥ ከቦይ ውስጥ አንስታ፣ ወተት በጣቷ እያጠባች ያሳደገችኝ ልጅቱ ናት። ገመዱን አንገቴ ላይ ስታስር ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «እንዳትበላ። እሺ ቡላዬ? ምንም ቢሰጡህ እንዳትበላ» አለችኝ።

በሥጋ ቤቱ በር በኩል ስናልፍ ቆምኩ። አያ ታከለ ገመዱን ጎተተው። አገሬ አለቀ።

ማኪናው ቅዳሜ ገበያ በሚባለው ሜዳ ቆሞ ነበር። ማኪና ቆሞ አይቻለሁ፤ ጎማው ላይም አልፎ አልፎ እግሬን አንስቼ ሸንቼበታለሁ። ሾፌሩ ገብሩ የሚባል አፈኛ ሰው ነው። እኔን ሲያይ ወገቡን ያዘ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው» አለ አያ ታከለ።

«ውሻ መሆኑንማ አየሁ። የት ሊሄድ ነው?»

«ደባርቅ።»

«ምነው፣ ዘመድ ሞተበት?»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

«ልጄን ሊጠብቅልኝ ነው» አለ አያ ታከለ ሳይስቅ።

«አያ ታከለ፣ ውሻ የጫነ ማኪና ሳይበላሽ አይገባም። ጎማ ቢፈነዳ በአንተ ነው።»

«በእኔ ይሁን። አሁን ያዘው ከወገቡ።»

ሽቅብ ወርውረው ጆንያ ላይ ጣሉኝ። ጆንያው በርበሬ ነበር። አንዴ ብቻ ተነፈስኩ። ከዚያ ወዲያ ያስነጠስኩትን ያህል በዕድሜዬ አስነጥሼ አላውቅም፤ ዓይኔ ጠፋ፣ አፍንጫዬ ተቃጠለ፣ ዓለም ሁሉ በርበሬ ሆነ። ልጅቱ ጎትታ ወደ ኑጉ ጆንያ አዛወረችኝ።

ወዲያው ከሥሬ አንድ ነገር አገሳ፤ ቤቶቹም ሮጡ። እኔ ተቀምጬ ሳለ ቤት ሲሮጥ ያን ቀን ገና አየሁ። ዛፉ ሮጠ፣ ገበያተኛው ሮጠ፣ ከሩቅ ዘወትር የማየው የነገሥታቱ ግንብ እንኳ ትቶን ሄደ። ጮህኩባቸው፤ አንዱም አልቆመም። አያ ታከለ «ዝም በል፣ አታዋርደኝ» አለኝ።

ወለቃ ላይ የተተኮሰ ሸክላ ሸተተኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ፣ የእኛ ቤት ማሰሮ አለው። ከወለቃ በኋላ ግን የማውቀው ሽታ አንድም አልተገኘም። መንገዱ ሽቅብ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ሽቅብ ይሄዳል። መስከረም ስለነበር መሬቱ ገና ውኃ እንደጠጣ ነው። ኮሶዬ አካባቢ ማኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ እስከ ሆዱ ሰመጠ።

ሁሉም ወረደ። ከማሳው ገበሬዎች እየሮጡ መጡ፤ ሃያ ይሆናሉ። እኔም በመጡት ላይ እጮህ ነበር። ያን ጊዜ ሃያውም በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ።

በቀሐ ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው፤ ድንጋይ ካነሳ ደግሞ ለእኔ ነው። ይህን ገና ቡችላ ሳለሁ ነው የተማርኩት። ሃያ ሰው ለአንድ ውሻ! ገመዱን ከልጅቱ እጅ አስጥዬ ማኪናው ሥር፣ ጭቃው ውስጥ ጥልቅ አልኩ። ድንጋዩ ግን አልመጣም። ተኝቼ በጎማው መሀል ባይ ሰዎቹ ድንጋያቸውን ጎማው ሥር እየደረደሩ ነው። በዚህ አገር ድንጋይ ለማኪና ነው!

ችግሩ፣ እኔ ሥሩ ስላለሁ ገብሩ ማኪናውን ሊያንቀሳቅስ አልቻለም። ቢጠሩኝ፣ ቢጎትቱኝ አልወጣም አልኩ። በመጨረሻ አንድ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ገበሬ በደረቱ ጭቃው ላይ ተኝቶ እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉ ላይ የገብስ ቆሎ አለ።

«ና የኔ ጌታ፣ ሸጋ ውሻ፣ ና» አለኝ።

ሰው በእኔ የተነሣ ጭቃ ላይ ሲተኛ አይቼ አላውቅም። ከመገረሜ የተነሣ ወጣሁ። ሽማግሌው ጋቢው ጭቃ በጭቃ ሆኖ «እንግዶቻችን ሆናችሁ ምንም ሳትቀምሱ?» እያለ ለሰው ሁሉ ቆሎውን አዳረሰ። ገብሩም እየዘገነ ይሳደብ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ መሸ። እትዬ አትጠገብ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ቤት አደርን። አያ ታከለ በአጥሩ ምሰሶ ሊያስረኝ ሲል እትዬ አትጠገብ ጮኹ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰው? ጅብ ሊበላው? አስገባው!»

«ወዴት ነው የማስገባው?»

«ወደ ቤት ነዋ!»

አያ ታከለ ክው አለ፤ እኔም ክው አልኩ። በቀሐ ውሻ ደፍ ከረገጠ መጥረጊያ ነው የሚጠብቀው። እግሬን አንስቼ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ አትጠገብ ከኋላዬ ገፉኝ። ውስጡ እሳት አለ፣ ሰው ተቀምጧል። የት እንደሚቆም፣ ወዴት እንደሚታይ አላውቅም። ለማመስገን ብዬ ጅራቴን ብወዘውዝ የአንዱን እንግዳ ጠላ ደፋሁት። መጥረጊያውን ጠበቅኩ። እትዬ አትጠገብ ግን ሳቁና ለሰውየው እንደገና ቀዱለት። እኔም አመድ ዳር ተጠቅልዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳልተኛ አደርኩ። ጠባቂ ውስጥ ተኝቶ ማን በር ላይ እንዳለ ሊገባኝ አልቻለም።

ማክሰኞ

ጧት እትዬ አትጠገብ አጥንት በቅጠል ጠቅልለው ለልጅቱ ሰጧት። ልጅቱ ምስጋናውን በአንገቷ ብቻ ሰጠች።

የወገራ ሜዳ ሰፊ ነው። በእኛ ቀሐ ዓይን ወደ ላይ ቢል ኮረብታ፣ ወደ ታች ቢል ወንዝ አለ። እዚያ ግን ዓይን የሚያርፍበት የለም፤ ገብስ ብቻ ነው፣ ነፋስ ብቻ ነው። ነፋሱ ጆሮዬን ገልብጦ ሄደ።

ከገደብዬ እንዳለፍን «ዷ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ ጥይት መስሎት ተኛ። እኔ ከጆንያው ላይ ዘልዬ፣ ገመዱ ይዞኝ፣ ከማኪናው ጎን ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ልጅቱ በሁለት እጇ ስባ አወጣችኝ፤ አንገቴ እስከ ማታ ድረስ አመመኝ። የፈነዳው ጎማው ነበር። ገብሩ ወርዶ ጎማውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አያ ታከለ፣ አላልኩህም?»

«በእኔ ብያለሁ» አለ አያ ታከለ፤ ኮቱን አውልቆ አብሮት ይፈታ ጀመር።

ጎማው እስኪቀየር ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ዳባት ደርሰን ምሳ ሲበላ ገብሩ ከሰው ተለይቶ ማኪናው ጥላ ላይ ተቀመጠ። ወደ እኔ አያይም ነበር። እጁ ግን ወጥ የነካ እንጀራ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መጣ፤ በልቼ ሳልጨርስ እንደገና መጣ። ልጅቱ ስታየው ደርሶ ተቆጣ።

«ምን ታያለሽ? ውሻው እኮ ነው የሚሰርቀኝ!»

ደባርቅ ስንገባ ብርዱ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ገብሩ ጭነቱን ይዞ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርድ ስለሆነ እዚያው ተለየን። እሱ ዘወትር የሚያድርበት ቤት እንዲያሳድሩን ግን ራሱ ለምኖልን ነው የሄደ። ለእኔ ደግሞ የኑግ ጆንያ ባዶውን ጣለልኝና «በል፣ ዘመድህን ሰላም በልልኝ» አለኝ።

ረቡዕ

ረፋድ ላይ ቢያድግልኝ በቅሎ ይዞ ሊቀበለን መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የአያ ታከለን ጉልበት ሳመ፤ ልጅቱን «እህቴ፣ እንዴት አደግሽ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

ያን ጊዜ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በላዩ ገብስና በግ አለ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ። የማላውቀው፣ አይቼው የማላውቅ፣ ግን ከአንገቴ እስከ ጅራቴ ያለው ጠጉር ሁሉ የሚያውቀው ሽታ። ጠጉሬ ብቻውን ቆመ። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ፈራኝ» አለ ቢያድግልኝ።

«መንገድ አድክሞት ነው» አለ አያ ታከለ።

«ወይም የነብሩን ሽታ አግኝቶ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት በጦር ጨረፍኩት፤ ደሙን የጠረግኩት በዚህ ባና ነው። አጥቤዋለሁ፣ አልለቅ አለ እንጂ።» ባና የሚሉት በዚያ አገር ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው።

አያ ታከለ ዳቦውን አስረከበው። ቢያድግልኝም ቆረሰና በብብቱ ይዞት መንገድ ጀመርን። ልጅቱ ከኋላ ሆና አንገቴን አሻሸችኝ። እጇ ደስ ብሎት ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። መሀል ላይ አንድ ሜዳ ሙሉ ጠጉራም ፍጥረት ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ደረስን። በግ መሰለኝ። በግ ግን እጅ የለውም! እንደ ሰንበቴ እንግዳ ክብ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ እየነጩ ያወራሉ፣ አንዱ ሌላውን ይቆጣል። ደረታቸው ቀይ፣ ጠጉር የሌለው ነው። አንዱ ትልቁ ዞር ብሎ አየኝና የላይኛውን ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣልኝም። የልጅቱ ቀሚስ ሥር ገባሁ።

«ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። አይነካህም፤ ከገብሳችን ጋር ነው ጠቡ» አለኝ ቢያድግልኝ።

ትንሽ ሄደን መሬት አለቀች። አልዋሸሁም፤ ሣሩ እየሄደ እየሄደ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ጭልፊት ከሥሬ ሲበር አየሁ፤ ጀርባውን አየሁት። የወፍ ጀርባ ከላይ የሚታይበት አገር አለ ብል የቀሐ ውሾች ያምኑኛል? በሆዴ ተንፏቅቄ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ቤቱ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ይታይሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ይታይሽን አውቃታለሁ። ሳታገባ በፊት «ቡላ!» ብላ ስትጠራኝ ግማሽ ቀሐ ዞር ይል ነበር። መጥረጊያ ይዛ እየዘፈነች ነበር የምታባርረኝ። አሁን አባቷን ሳመች፣ እህቷን አቅፋ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ራሴን ዳበሰችና «ቡላ» አለች፤ እኔ እንኳ ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ። ልጅቱም «እታለም፣ ምነው ድምፅሽ?» አለቻት። «ምንም አይደል፣ ብርዱ ነው» አለች።

ብርዱ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሁሉ አየኋት። ሳህን ይዛ እየሄደች መሀል ላይ ቆም ትላለች፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ ወደ አጥሩ ትሰማለች፤ ከዚያ ትቀጥላለች። ይህን እኔ ነኝ የማደርገው። ሰው ሲያደርገው አይቼ አላውቅም።

እኔን ያሰሩኝ የፊተኛው ውሻ ታስሮበት ከነበረው ምሰሶ ነው። የገመዱ ቁራጭ አሁንም አለ። አሸተትኩት፤ ውሻ የጻፈውን ውሻ ያነበዋል። ሽማግሌ ነበር፣ አንድ እግሩን ያመው ነበር፣ አልሸሸም። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ተቋረጠ።

ማታ ቢያድግልኝ ዳቦውን ከብብቱ አውጥቶ በመዳፉ አቀረበልኝ። ጠጉሬ ቆመ። ፊቴን አዞርኩ። «ነገ ጧት ይሞከራል። እስከ ሦስት ጊዜ ነው» አለ አያ ታከለ። ልጅቱ ወደ መሬት እያየች ከንፈሯን ነከሰች፤ እንዳትስቅ ነው። ያን ሌሊት ቢያድግልኝ ለእንግዶቹ ብሎ ማሳውን ትቶ፣ ጦሩን ይዞ እኔ አጠገብ ደጅ አደረ።

ሐሙስ

ጧት አልበላሁም። ቀትር ላይም አልበላሁም። ቢያድግልኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ አልተቆጣኝም፣ አልመታኝም። ዳቦውን እንደገና በብብቱ ከትቶ «ምን ይደረግ፣ ልብ አይታዘዝ» አለ።

አያ ታከለ አዘነ። «እንግዲህ ነገ ይዘነው እንመለሳለን። ሌላ ውሻ ፈልጌ እልካለሁ» አለ።

ልጅቱ ወደ እኔ መጥታ በአንገቴ ተጠመጠመች። «ጎበዝ» አለችኝ በጆሮዬ፤ «ነገ ቤታችን።» በዚያ ቤት አንድ የተደሰተ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

ሊመሽ ሲል ቢያድግልኝ ጦሩን አነሣ። ገብሱ ስለደረሰ ጃርትና ከርከሮ እንዳይጨርሰው የሚያድረው ማሳው ላይ፣ ማማ ሠርቶ ነው። «ለእናንተ ብዬ ዛሬ ዘግየት እላለሁ» ብሎ ጥቂት ተቀመጠ። ይታይሽ የቀሩትን አምስት በጎች ወደ ቤት አስገባች፤ ከዚያ በሩን ልትደግፍበት አንድ ግንድ እየጎተተች ከበሩ አጠገብ አደረገች። አያ ታከለ ሊያግዛት ሲነሣ «ተው አባዬ፣ ለምጄዋለሁ» አለችው። እኔንም አስገቡኝ። ሁለተኛ ጊዜዬ ነበርና ደፉን ስረግጥ ብዙም አልተንቀጠቀጥኩም።

ይታይሽ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የዘይት ቆርቆሮ አለ፣ በእጇም ዱላ። አያ ታከለ «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢላት፣ «ነብሩ ሲመጣ እመታዋለሁ፤ ሲሰማ ይሸሻል» አለች። ከዚያ ስለ ቀሐ ትጠይቅ ጀመር። እነ እከሊት ወለዱ ወይ፣ ወንዙ ዘንድሮ ሞላ ወይ፣ እናቴ ወገቧን ተሻላት ወይ። አያ ታከለ ሲመልስላት አንገቷ ዘንበል አለ። እያወራች ነበር እንቅልፍ የወሰዳት።

ድንገት አንዱ በግ አስነጠሰ።

ይታይሽ ዓይኗን ሳትገልጥ ብድግ ብላ ቆርቆሮውን መታችው። መታችው፣ መታችው፣ አሁንም መታችው። በጎቹ ተንጫጩ፣ እኔ ግድግዳው ጥግ ተለጠፍኩ፣ አያ ታከለ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ቢያድግልኝ ተነሥቶ እጇን እስኪይዛት አላቆመችም። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ በየተራ አየችን፤ ማን እንደሆንን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት።

«እናንተ ናችሁ ለካ» አለች። አፈረች። «ይቅርታ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ልጅቱን አየኋት። ፊቷ ዓመድ መስሏል። እህቷን እያየች ነው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና እህቷን።

«እታለም ታብላው» አለች።

ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ አያ ታከለ ዞር ዞር አለ። «ምን አልሽ?»

«ዳቦውን እታለም ትያዘው። እሷ ታብላው።»

«ጥሩወርቅ፣ የሚያበላ እኮ የቤቱ ጌታ ነው። ሴት አታበላም።»

«የቤቱ ጌታ እቤት አያድርም፣ አባዬ።» ከጀመረች ወዲያ አልቆመችም። «ይኸን ቤት የሚጠብቅ እሱ አይደለም። እሷ ናት። ውሻ ሆናለች እኮ፣ አታይም?»

ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። በአባቷ ፊት እንዲህ መናገሯን ስትሰማ ከሁላችንም በላይ የደነገጠች ራሷ ነበረች።

አያ ታከለ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቢያድግልኝ ግን መሬት መሬት እያየ ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነው። «እውነቷን ነው፣ አያ ታከለ። እኔማ የጃርት ባል ነኝ» አለ። የቀረውን ዳቦ አንስቶ ለሚስቱ ሰጣት።

ይታይሽ ቁራሹን በብብቷ ከትታ እሳት ዳር ተቀመጠች፤ ብዙ ቆየች። ልጅቱ ወደ እኔ አላየችም። በየቀኑ በጆሮዬ «እንዳትበላ» ስትለኝ የከረመች ልጅ፣ አሁን ጆሮዬ ክፍት ሆኖ ቢጠብቃት አልመጣችም።

ይታይሽ ዳቦውን ዘረጋችልኝ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አሸተትኩት። ጭስ አለው፣ በግ አለው፣ ከሥር ከሥር ደግሞ ቀሐ አለው። ከሁሉ ሥር ያለው ግን ፍርሃት ነው። የፈራ ሰው ሽታ አለው፤ ያን ሽታ ትቶ መሄድ ለውሻ አይሆንለትም።

በላሁት። ስበላ የጥርሴ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ይታይሽ ያን ማታ ቆርቆሮውን ጉልበቷ ላይ አላደረገችም። ልጅቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ዓርብ

ስንነቃ አገር አልነበረም። ጉም ገደሉን ሞልቶ፣ አፋፉን አልፎ፣ አጥሩን፣ በሩን፣ ምሰሶውን ውጦታል። የራሴን ጭራ ለማየት ዞሬ አላገኘሁትም። በቀሐም ጉም አለ፤ የእኛ ግን ወንዙ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚሄድ ጨዋ ጉም ነው። ይኸኛው ቤት ገብቶ ሰው ያንኳስሳል።

አያ ታከለና ልጅቱ ደባርቅ ላይ ማኪና ለመያዝ በጧት ተነሡ። ይታይሽ ለእህቷ የራሷን ባና አለበሰቻት፤ «ነጠላ በዚህ ብርድ ምን ያደርግልሻል» ብላ ነጠላዋን ቋጠረችላት። ልጅቱ በእኔ አጠገብ ስታልፍ አልዳበሰችኝም። ከዳበሰችኝ እንደማትሄድ እኔም አውቄያለሁ። ቢያድግልኝ በቅሎውን ይዞ ሸኛቸው። ኮቴው ጉሙ ውስጥ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

ይታይሽ በሩን ከፍታ ውስጥ ሥራዋን ጀመረች። መሀል ላይ ቆም አላለችም፤ ወደ አጥሩም አልሰማችም። ሁለት ጊዜ ወጥታ አየችኝ፤ በሁለተኛው ጊዜ አንድ ዘፈን በአፍንጫዋ ስታንጎራጉር ሰማሁ።

እኔም ምሰሶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከቤቱ ወደ አጥሩ ይነፍሳል፤ ከውጭ የሚመጣውን አያመጣልኝም። ድንገት እርምጃ ሰማሁ። ፈጣን ነው፣ ያለከልካል፣ ወደ እኛ ነው። ጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ቆመ፤ ከአጥሩ ብዙም አይርቅም። ጥቂት ሽታ ብቻ ደረሰኝ፤ የበግ ጠጉር ነው። በጎቹ ግን ከኋላዬ ናቸው!

የጮህኩት ጩኸት ከየት እንደመጣ አላውቅም። በቀሐ እንዲህ ጮሄ አላውቅም። ገመዱ እስኪወጠር ዘለልኩ፣ አፌ አረፋ ደፈቀ፣ በእጇ ያበላችኝ ሴት ውስጥ አለችና ያ ነገር አንዲት እርምጃ ቢጨምር እበላው ነበር።

ያ ነገር ባለበት ቀረ። ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ በጣም ቀስ ያለ ድምፅ «ቡ…» ብሎ ጀመረ። አቆመ።

ያን ጊዜ አወቅኋት፤ የእህቷን ባና የለበሰችው ልጅቱ ናት። ከመንገድ ተመልሳ፣ አባቷን ትታ፣ በጉም ውስጥ ብቻዋን እየሮጠች የመጣችው ልትወስደኝ ነው። አፌን ልዘጋ ፈለግኩ፤ ጩኸቱ ከጀመረ ወዲያ አልመለስ አለኝ። ስሜን አንድ ጊዜ ብትጠራ ገመዱን በጥሼ እግሯ ሥር ነበርኩ። እሷም ይህን ታውቃለች። ቆመች። እኔ የማን በር ላይ ቆሜ በማን ላይ እንደምጮህ ሰማች።

በቀሐ የሚያልፍ ቆራሌ እንኳ ጠርታ የማታውቅ ልጅ፣ በዚያ አገር ከአጥር ውጭ የቆመ እንግዳ ሁሉ እንደሚለው፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፦

«ቤቶች! ኧረ ውሻ ያዙ!»

ይታይሽ ከቤት ሮጣ ወጥታ አንገቴን ያዘችኝ።